«ከቀረጥ ነፃ» የሚለውን ባነር አይቼ የገዛሁት የኤሌክትሪክ መኪና

ባነሩ ትልቅ ነው። አረንጓዴ ነው። «ከቀረጥ ነፃ! ሙሉ ኤሌክትሪክ! ዛሬውኑ ይረከቡ!» ይላል፤ ሦስቱም በቃለ አጋኖ። የተሰቀለው ሜክሲኮ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ የመኪና መሸጫ አጥር ላይ ነው። ስሙን አልጠራም። አንደኛ ግራና ቀኙ ያሉት መሸጫዎችም ያንኑ ባነር ሰቅለዋል። ሁለተኛ ያናደዱኝን ያህል የረዱኝም ነገር ስላለ ባለቤቱን ማሳጣት አልፈልግም። የመኪናዋንም ሞዴል አልናገርም፤ ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ ናት፣ ከተማ ውስጥ ከዞራችሁ በቀን አሥር ታያላችሁ። ዛሬ የምገመግመው መኪናዋን ሳይሆን አሻሻጡን ነው፤ ከአሻሻጡ ጀርባ ያለውን፣ መንግሥት ለንጹህ ኃይል ሰጠሁ የሚለውን የታክስ ማበረታቻም ጭምር። ሙያዬ ሒሳብ ነው። ሰው ማታ ማታ ድራማ ሲያይ እኔ ደረሰኝ አነባለሁ። ታገሱኝ።

የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የምሠራው ለገሃር አካባቢ ነው። ለራሴ ቢሆን በእግሬ እሄዳለሁ፤ መኪና የምፈልገው ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ባለቤቴን ሳሪስ ለማድረስ ነው። ስምንት ዓመት ያገለገለችኝን ቪትዝ ኅዳር 2017 ላይ ሸጥኳት። ቤንዚን በሊትር ወደ 100 ብር እየተጠጋ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ አልፎታል። እኔን ያንገፈገፈኝ ግን ከዋጋው ይልቅ ሰልፉ ነው። ማደያ በር ላይ ተሰልፌ ቁርሴን የበላሁባቸው ጠዋቶች ብዙ ናቸው።

ቪትዟን ከገዛሁበት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው የሸጥኳት። ደስ አለኝ? አዎ፣ ለአንድ ቀን። መንግሥት ጥር 2016 ላይ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ካለ ወዲህ፣ አገር ውስጥ ያለችው ቤንዚን በላተኛ ሁሉ እንደ ወርቅ ናት። ሻጭ ሆኜ የሳቅሁት ሳቅ በነጋታው ገዢ ስሆን ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

መሸጫው ውስጥ ስገባ ሰባት መኪኖች ነበሩ፣ ወንበራቸው ላይ ያለው ላስቲክ እንኳ አልተነሳም። የተቀበለኝ ወጣት ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ቡና ወይስ ሻይ?» ብሎ ጀመረ። እዚህ ላይ ምስጋናዬን ልክፈል፤ ደላላ አልመጣብኝም። በር ላይ ተቀብሎኝ «እኔ ነኝ ያመጣሁት» የሚል፣ ኋላ ኮሚሽን የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ልጁ ቁልፉን ሰጥቶኝ እስከ ሳር ቤት ነድቼ እንድመለስ ፈቀደልኝ። የባትሪውን አቅም ከፍቶ አሳየኝ። «ማስታወቂያው ላይ ያለው ኪሎሜትር የቻይና መለኪያ ነው፣ ከተማ ውስጥ ያን ያህል አትጠብቅ፣ ሩቡን ቀንስለት» አለኝ። ይህን በግልጽ የሚናገር ሻጭ ብዙ አላየሁም። አንድ ዓመት ነድቼ የነገረኝ ልክ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከዚያ «ዋጋው?» አልኩት። ሁለት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሃምሳ ሺህ።

«ከቀረጥ ነፃ ሆኖ ነው?»

«ከቀረጥ ነፃ ሆኖ ነው፣ ጋሼ!»

እሺ፣ ነገሩን እንፍታው። ብዙ ሰው «ቀረጥ» ሲል ጉምሩክ ላይ የሚከፈለውን ሁሉ ማለቱ ነው። ግን ብዙ ዓይነት ነው። የጉምሩክ ቀረጥ አለ። ኤክሳይዝ ታክስ አለ፣ መንግሥት ለይቶ በመረጣቸው ዕቃዎች ላይ የሚጣል። ቫት አለ፣ 15 በመቶ። ሱር ታክስ አለ፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚታከል፣ 10 በመቶ። እነዚህ ጎን ለጎን የሚደመሩ አይደሉም፣ እንደ ምንቸት እርስ በርስ የሚደራረቡ ናቸው፤ ቀረጡ በዕቃው ዋጋ ላይ ይሰላል፣ ኤክሳይዙ ቀረጡን ጨምሮ፣ ቫቱ ሁለቱንም ጨምሮ፣ ሱር ታክሱ ደግሞ ሁሉንም ጨምሮ። የላይኛው ምንቸት ትንሽ ይመስላል፣ የቆመው ግን በታችኞቹ ላይ ነው።

የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 መገባደጃ ላይ ለኤሌክትሪክ መኪና የወሰነው ይህን ነው፦ ኤክሳይዝ የለም፣ ቫት የለም፣ ሱር ታክስ የለም። ቀረጥ ግን አለ! ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። ስለዚህ ያ አረንጓዴ ባነር የሚለው የእውነቱ ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። የቀረው ሌላው ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ያልቀረውን አንዱን ለይቶ ቀረ ብሎ ጽፏል። ይህን ለልጁ ስነግረው በትሕትና ሳቀ፤ «ጋሼ፣ ያው ነው» አለኝ። ያው አይደለም።

ከዚያ ዲክላራሲዮኑን አሳየኝ አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ዲክላራሲዮን ማለት መኪናው በስንት እንደገባና ምን እንደተከፈለበት የሚናገረው የጉምሩክ ወረቀት ነው። «እሱ የባለቤቱ ነው፣ ለደንበኛ አይታይም» አለኝ። ታርጋ ሳወጣ በእጄ መግባቱ እንደማይቀር፣ ያኔ ከማየው ዛሬ ባየው እንደማይጎዳው ነገርኩት። ወደ ጓዳ ገባ። ቆየ። ሁለተኛ ቡና መጣልኝ፤ ሁለተኛ ቡና ሲመጣ ነገሩ እየተመከረበት ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ ወጣ፣ በእኔ ዕድሜ የሚሆን ሰው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ። «ወንድሜ፣ የጉምሩክ ሰው ነህ እንዴ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» አለ፣ ግን ወረቀቱን ይዞት ነው የወጣው።

ቁጥሮቹን አጠጋግቼ እጽፋለሁ። የመኪናዋ ዋጋ፣ የመርከብ ጭነቱና ኢንሹራንሱ ተደምሮ 1,250,000 ብር። ቀረጡ 15 በመቶ፣ 187,500 ብር። ድምር 1,437,500። በቃ። ከዚህ በኋላ ያሉት መስመሮች ዜሮ ዜሮ ይላሉ። እነዚያን ዜሮዎች ሳይ ባለሙያነቴ ነው መሰለኝ ልቤ ሞቅ አለ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው በዚህ ሥራ፣ ዲክላራሲዮን ላይ እንዲህ ተሰልፎ የቆመ ዜሮ አይቼ አላውቅም።

ዜሮዎቹ ስንት እንደሚያወጡ ስልኬ ላይ አሰላሁት። ቫትና ሱር ታክስ ቢኖር ብቻ ከ380 ሺህ ብር በላይ ይጨምር ነበር። ይህ ኤክሳይዝን ሳንነካ ነው። አሁን ይህችው መኪና ባለ 1500 ሲሲ ቤንዚን ብትሆን ብላችሁ አስቡ። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 አዲስ መኪና እስከ 1300 ሲሲ 5 በመቶ ነበር የሚከፍለው፣ ከዚያ በላይ እስከ 1800 ድረስ 60 በመቶ፣ ከ1800 ካለፈ 100 በመቶ፤ አሮጌ መኪና ደግሞ እንደ ዕድሜው እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ቀረጡን በዚያው በ15 በመቶ ብንተወው እንኳ፣ ኤክሳይዙ 862,500፣ ቫቱ 345,000፣ ሱር ታክሱ 264,500 ይሆናል። ተደምሮ 1,472,000 ብር። ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። መንግሥት ሰጠሁ ያለው ማበረታቻ ውሸት አይደለም። ትልቅ ነው። ወረቀቱ ላይ አየሁት፣ በጣቴ ነካሁት።

ታዲያ እኔ ጋ ለምን አልደረሰም? መኪናዋ በ1,437,500 ጉምሩክን አለፈች፣ እኔ ፊት በ2,750,000 ቆመች። በመካከሉ 1,312,500 ብር አለ።

ፍትሐዊ ልሁን። ባለቤቱ ሲያስረዳኝ ጊዜ ወስዶ ነው። ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ማጓጓዣ አለ፣ ጉምሩክ ላይ ጉዳዩን የሚያስጨርስ ትራንዚተር አለ፣ የመጋዘን ኪራይ አለ፣ ገንዘቡ ለወራት ታስሮ የሚቆይበት ወለድ አለ፣ ሲሸጥም ግብር አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ይመራ ከተባለ ጀምሮ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ዓመቱ ሳይሞላ ከ120 በላይ ወጥቷል። ዶላር ሲጨምር የመኪናዋ ዋጋ በብር ይጨምራል፣ 15 በመቶውም አብሮ ያድጋል፤ መጠኑ ሳይነካ ቀረጡ በብር እጥፍ ሆኗል። «ቀረጡን ያሰላሁበት ዶላርና መኪናውን የገዛሁበት ዶላር አንድ አይደለም» አለኝ ባለቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህን አምነዋለሁ፣ አልመረመርኩትም።

ይህ ሁሉ ተደምሮም ያን ያህል አይሞላም። የቀረውን ያስረዳኝ ባለቤቱ አይደለም፣ ቪትዜ ናት። ሻጭ ዋጋ የሚያወጣው ከወጪው ተነስቶ አይደለም፣ ጎረቤት ከሚሸጥበት ተነስቶ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ተወዳዳሪዋ ማን ናት? አገር ውስጥ የቀረችው ቤንዚን በላተኛ። እሷ ደግሞ ታክስ ተጭኖባት፣ ኋላም መግቢያዋ ተዘግቶ ዋጋዋ ጣራ ነክቷል። ስለዚህ የኤሌክትሪኳ ባለቤት ከዚያ ጣራ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል፣ ገዢም ይመጣለታል። እኔ መጣሁ አይደል? ቪትዟን ውድ ሸጬ የሳቅሁበትን ብር ነው አሻግሬ የሰጠሁት።

ለዚህ ማረጋገጫ የሆነኝ ከጎን የቆመችው ሌላ መኪና ናት። «ይቺ አገር ውስጥ የተገጣጠመች ናት» አለኝ ልጁ በኩራት። እውነት ከሆነ ተበትና ገብታለች፣ ቀረጧም 5 ወይም ዜሮ ነው። መጠኗ ከኔዋ ጋር ተቀራራቢ ነው። ዋጋዋስ? ከኔዋ በሃያ ሺህ ብር ትበልጣለች! «ለምን?» ብለው «ቀለሟ ተፈላጊ ነው» አለኝ። ነጭ ነበረች።

በዚያ ሰሞን ቨርጂኒያ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር በስልክ ስናወራ እሱም የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ እያሰበ ነበር። እነሱ ጋ ማበረታቻው ጉምሩክ ላይ የሚቀር ነገር አይደለም። ለአዲስ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ 7,500 ዶላር ከገዢው ግብር ይቀነስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ገዢው ዓመቱ አልቆ ግብር እስኪያሳውቅ መጠበቅ ቀርቶለት፣ ሻጩ እዚያው ከዋጋው ላይ እንዲቀንስለት ተፈቀደ። ሂሳቡ ላይ በራሱ መስመር ይጻፋል፤ ዋጋው ይህ፣ የመንግሥት ቅናሽ ይህ፣ የምትከፍለው ይህ። ገቢው ከተወሰነ በላይ የሆነ ሰው አያገኝም፣ መኪናው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተገጣጠመ ካልሆነም የለም። ያም ሆኖ አልዘለቀም፤ አዲስ ሕግ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ቀረ፣ የአክስቴ ልጅም በመጨረሻዋ ሳምንት ሮጦ ገዛ። ያኔ በስልክ ስናወራ «አንተስ ስንት ቀነሱልህ?» ብሎኝ ነበር። መንግሥት ለኔ መኪና ከሚሊዮን ብር በላይ ትቷል፣ ለኔ ግን አልቀነሱልኝም አልኩት። አልገባውም። እኔም ስልክ ላይ ማስረዳቱ ሰለቸኝ።

ወደ መሸጫው ልመለስ፣ ገና የሚያናድደው አለ። ዋጋ ተስማማን፤ 2,700,000፣ ሃምሳ ሺህ ቀነሰልኝ። ከዚያ ባለቤቱ ውሉን በግማሽ ዋጋ እንጻፈው አለኝ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ለአንተም ይቀልልሃል» አለ። እንዴት ነው ለኔ የሚቀለኝ? የሰጠሁት ብር ግማሹ ወረቀት ላይ የለም ማለት እኮ ነው። ነገ መኪናዋ ብትበላሽ፣ ብንጣላ፣ ፍርድ ቤት የማሳየው ግማሽ መኪና ነው። ደግሞም ዛሬ መንግሥት ቫቱን ለአረንጓዴ ብሎ ተወልህ፣ አንተ የቀረውንም በውል ትደብቃለህ። እምቢ አልኩ። አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን፤ እስከ ውልና ማስረጃ በር ድረስ እየተከራከርን ሄድን ብል ይሻላል። በመጨረሻ በሙሉ ዋጋው ተጻፈ፣ ያችን የቀነሰልኝን ሃምሳ ሺህ ግን መልሶ ወሰዳት። ሐቀኛ ለመሆን ሃምሳ ሺህ ብር ከፈልኩ ማለት ነው። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ብድሩ አጭር ታሪክ ነው። ሁለት ባንክ ገብቼ «የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ የተለየ ወለድ፣ የተለየ ጊዜ ምናምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ ሠራተኛ በደንብ ሳቀች። «ጋሼ፣ ለኛ መኪና መኪና ነው» አለችኝ። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደብ ጥሎ ስለነበር፣ ወረፋው ራሱ ሌላ ሰልፍ ነው። ያቺን የጎደለችውን ከዕቁብና ከባለቤቴ ወንድም ሞላሁ።

ገንዘብ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ለንጹህ ኃይል የሚመጣ ገንዘብ አለ፣ ትልቅ ገንዘብ፣ መንገዱ ግን ወደ ልደታ አይመጣም። የዓለም ባንክ በ2013 ለኢትዮጵያ ዋናው የመብራት መስመር ላልደረሰበት ቦታ ለሚሆን የኤሌክትሪክ ሥራ 500 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል፤ ሶላር አስመጪዎችም፣ ለገበሬው በዱቤ የሚሸጡ ማይክሮፋይናንሶችም ካዛንቺስ ባለው የልማት ባንክ በኩል ብድር ሲያገኙ ቆይተዋል። መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። የባለቤቴ አጎት ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጣራቸው ላይ ባለች አንዲት ሳህን የምታህል ሶላር ስልክ ይሞላሉ፣ ማታ ለልጆቹ መብራት አላቸው። ሚሊዮን አውጥቶ መኪና ከሚገዛ ከኔ ይልቅ ለሳቸው ቢደርስ አልቀናም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ለኔ የተተወው ሚሊዮን ለኔም አልሆነ፣ ለሳቸውም አልሄደ፣ አጥር ላይ ባነር የሰቀለ ሰው ኪስ ገባ።

አሁን ስለ ርክክቡ። ባነሩ «ዛሬውኑ ይረከቡ» ቢልም ሃያ ሁለት ቀን ፈጀ። ስክሪኗ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ልጁ «ነገ እንግሊዝኛ እናደርግልሃለን» አለኝ፤ ያ ነገ ሦስት ሳምንት ሆኖ በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ለሚሠራ አንድ ልጅ ስምንት ሺህ ብር ከፍዬ ራሴ አስቀየርኩ። እስከዚያ ድረስ ማሞቂያውን ለመክፈት ስልኬን ስክሪኑ ላይ ደግኜ አስተረጉም ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያውን ልከፍት ብዬ የኋላ መስኮቱን ከፍቼ ልጄን አረጠብኳት። ዋስትና ብዬ ስጠይቅ ደግሞ አንድ ገጽ የቻይንኛ ወረቀት ሰጡኝ። ለዚህ ወረቀት ማን ነው የሚጠየቀው ስል «የፋብሪካው ነው፣ እኛ ጋ ግን ስትመጣ እንተባበራለን» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር እስካሁን ሁለቴ ሄጄ ተባብረዋል፤ አንዴ የበር ስዊች ያለ ክፍያ ቀይረውልኛል። ነገር ግን «እንተባበራለን» ዋስትና አይደለም።

ለመሸጫው ከአምስት ሦስት እሰጣለሁ። ያ ልጅ ባይኖር አንድ ነበር።

ለማበረታቻው ስንት ልስጠው? አገር ቤት መኪና ላይ የሚነደው ቤንዚን በዶላር የሚመጣ ነው፣ መብራቱ ግን የራሳችን ውሃ ነው፤ ኅዳሴ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ተብሏል፣ ቦንድ የገዛን ሰዎች አለን። ሐሳቡ ልክ ነው። እኔም በየወሩ አየዋለሁ፤ የመብራት ሒሳቤ ታሪፉ ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ቀስ እያለ ቢጨምርም፣ ወር ሙሉ የምከፍለው ድሮ ቪትዟን አንዴ ፉል ከማስሞላበት ያንሳል። የጎደለው ዋጋው ላይ የሚታይ መስመር ነው። አስመጪው ቫትና ኤክሳይዝ ካልከፈለ፣ ያልከፈለው ስንት እንደሆነ መሸጫ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቀንስ ብሎ ማስገደድ ባይቻል እንኳ ገዢው አይቶ ይከራከራል። አንድ መስመር ቀለም ነው የሚፈጀው።

ሌላው የጎደለው መሰኪያ ነው። ቀረጥ ሲታሰብ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ከየት እንደሚሞላ ያሰበ የለም። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 የከፈተው ፈጣን ጣቢያ ወደ ቦሌ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ለኔ ግን ከልደታ ተነስቶ ወደዚያ መሄድ ውሃ ለመቅዳት ወንዝ እንደመውረድ ነው። ስለዚህ እቤት ነው የምሞላው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ቻርጀር ሹካው የቻይና ነው፣ እኛ ሶኬት አይገባም፤ መሸጫው የመቶ ሃምሳ ብር አዳፕተር ሰጠኝ። በሦስተኛው ሌሊት የተቃጠለ ላስቲክ ሸቶን ተነሳን። አዳፕተሩ ቀልጦ ሶኬቱ ላይ እንደ ሻማ ተጣብቋል፣ ግድግዳው በጥቁር ተለብልቧል። ልጆቹ የሚተኙት ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ነው። በነጋታው ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ከቆጣሪው ቀጥታ ባለ 6 ካሬ ገመድ ዘረጋ፣ ለብቻው ብሬከር አስገባ። ከመሸጫው ስትወጡ ማንም የማይነግራችሁ ወጪ ይህ ነው፤ መኪናዋን ሳትረከቡ ይህን አሠሩ።

ገመዱ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮታችን በግድግዳው ይወርዳል። የግቢያችን ጥበቃ፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው ሰውዬ፣ መጀመሪያ ላይ ገመዱን ሲያዩ ያማትቡ ነበር፤ አሁን ዝናብ ሊመጣ ሲል ስሰካ ካዩ ራሳቸው መጥተው በላስቲክ ይሸፍኑልኛል። ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ስብሰባ ጠርቶብኛል። ሦስተኛው ላይ ሰብሳቢው ራሱ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ መጣ፣ አጀንዳው ተዘለለ።

እቤት ውስጥ ደግሞ የራሳችን ታሪፍ አለ። እንጀራ የሚጋገርበት ቀን መኪና አይሰካም። ምጣዱና መኪናዋ አንድ ላይ ከሆኑ ዋናው ብሬከር ጧ ብሎ ይወርዳል፣ ቤቱ ይጨልማል፣ ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ይቀራል። አንድ ቅዳሜ ረስቼ ሰክቼ፣ ባለቤቴ አክንባሎውን እንደያዘች በጨለማ መጥታ «ወይ እሷ ትብላ ወይ አንተ ብላ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዋ ትጾማለች።

ባለፈው ወር አንድ የሥራ ባልደረባዬ እዚያው መሸጫ ሄደ። ሒሳብ ክፍል አይደለም፣ ንብረት ክፍል ነው። ይህን ሁሉ አስረድቼዋለሁ፤ ዲክላራሲዮን ጠይቅ፣ ውሉን በሙሉ ዋጋ አጽፍ፣ የስክሪኑን ቋንቋ ሳያስተካክሉ ብር አትልቀቅ፣ ብዬ። ገብቶ ቡና ቀርቦለት ገና «ይቺ በስንት ነው የገባችው?» እንዳለ፣ ያ ጨዋ ልጅ ምንም ሳይናገር ተነስቶ ጓዳ ገባና ወረቀቱን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ ልደታ የሚኖር አንድ የሒሳብ ሰው ታውቃለህ እንዴ?» አለው። ስልሳ ሺህ ቀንሰውለታል። ባነሩ ግን እንደተሰቀለ ነው፣ ትናንት በዚያ ሳልፍ አይቼዋለሁ።